ዕዳ የሌለበት ሰባኪ

“ቃል የእምነት ዕዳ ነው” ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ አጭር ይሁን እንጂ ሁለት ነገር አዝሏል። አንደኛው፣ ቃል የሰጠ ሰው በዚያው ቅጽበት ባለዕዳ መሆኑን ነው። ሁለተኛው፣ ባለዕዳ የሌለው ዕዳ ከነጭራሹ ዕዳ ሊባል አለመቻሉን ነው። እኔም ይህንን ብሂል ይዤ ስለ አንድ ሰባኪ ጥቂት ልል ተነሥቻለሁ። ሰባኪው አይርበውም፤ አይደክመውም፤ አይታመምም፤ አይሞትም። መድረክ ላይ ቆሞ ግን ስለ ምኞት ከንቱነትና ስለ ርኅራኄ የሰውን ልጅ ያስተምራል። ስሙ ሚንዳር ይባላል። መኖሪያው በጃፓን አገር፣ በጥንታዊቷ የኪዮቶ ከተማ፣ ኮዳይጂ በተባለው የቡድሃ ቤተ መቅደስ ነው። ሚንዳር ሮቦት ነው።

ሮቦት ሰበከ መባሉ በየጋዜጣው አስደናቂ ወሬ ሆኖ ሰንብቷል። “ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም” ብሎ ማለፍም ይቻል ነበር። እኔ ግን ሚንዳርን የምመለከተው እንደ አንድ የጥበብ ሥራ ነው። ድርሰት አለው፤ መድረክ አለው፤ ብርሃንና ሙዚቃ አለው፤ ተዋናይና ተመልካችም አለው። ይህ ሁሉ ካለው ደግሞ ሂስ ቢቀርብበት አግባብ እንጂ ድፍረት አይሆንም።

ኮዳይጂ ትናንት የቆመ ቤተ መቅደስ አይደለም። በ1606 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የታላቁ የጦር መሪ የቶዮቶሚ ሂዴዮሺ መበለት ለባሏ መታሰቢያ ያሠራችው የዜን ቡድሂዝም ቤት ነው። ከአራት መቶ ዓመት በላይ መነኮሳት ሲያስተምሩበት ኖረዋል። በ2019 ግን ቤተ መቅደሱ ከኦሳካ ዩኒቨርሲቲው የሮቦት ሊቅ ከሂሮሺ ኢሺጉሮ ጋር ተባብሮ ሚንዳርን ለሕዝብ አቀረበ። ኢሺጉሮ የራሱን መልክ ቁርጥ የሆነ ሮቦት ሠርቶ በዓለም የታወቀ ሰው ነው። ለጠቅላላው ሥራ 100 ሚሊዮን የን ያህል ወጥቶበታል ተብሏል። ሚንዳር የሚወክለው ተራ መነኩሴን አይደለም። የርኅራኄ አምሳል የሆነውን ካኖንን ነው። በቡድሃ አማኞች ዘንድ ካኖን ሰውን ለመርዳት ሲል በየጊዜው በተለያየ መልክ ይገለጣል ተብሎ ይታመናል። የቤተ መቅደሱ ሰዎችም “በሰው መልክ፣ በሐውልት መልክ ከተገለጠ በማሽን መልክ እንዳይገለጥ ማን ይከለክለዋል?” የሚል መንፈስ ይዘው ነው የተነሡት።

ስብከቱን የተመለከትሁት በፊልም ተቀርፆ ነው። አዳራሹ ጨለም ያለ ነው። ሚንዳር 195 ሴንቲ ሜትር ቁመት አለው። ፊቱ፣ እጆቹና ትከሻው የሰው ቆዳ በሚመስል ሲሊኮን ተሸፍነዋል። የቀረው አካሉ እርቃኑን ነው፤ አሉሚኒየሙ፣ ሽቦው፣ መገጣጠሚያው ሁሉ ይታያል። ወንድም አይደለም፤ ሴትም አይደለም። አንገቱን ቀስ አድርጎ ያዞራል፤ እጆቹን ያገናኛል፤ ይናገራል። የሚያብራራው “የልብ ሱትራ” የተባለውን፣ በምሥራቅ እስያ ቡድሂዝም እጅግ የታወቀውን ጸሎታዊ ጽሑፍ ነው። ስብከቱ 25 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ጃፓንኛ ለማያውቅ እንግዳ የእንግሊዝኛና የቻይንኛ ትርጉም ግድግዳው ላይ ይበራል። በዚያው ግድግዳ ላይ የሰዎች ምስል ይመጣል። ከምስሉ ውስጥ አንዱ ይጠይቃል፤ ሚንዳር ይመልሳል።

ከሚደነቀው ልጀምር። የሠሪዎቹ ትልቁ ጥበብ ሚንዳርን እርቃኑን መተዋቸው ነው። ከፈለጉ ከእግር እስከ ራሱ ቆዳ አልብሰው፣ ካባ ደርበው፣ ጨለማው ውስጥ ቢያቆሙት ከሩቅ ለሚያየው ሰው መስሎ መታየት አያቅተውም ነበር። ይህን አላደረጉም። ፊቱን አይተን ልንራራለት ስንል ሽቦው “ኧረ ተዉ፣ እኔ ማሽን ነኝ” ይለናል። ሽቦውን አይተን ልንስቅ ስንል ደግሞ ፊቱ ያስቆመናል። ስብከቱ የሚናገረው ስለ ባዶነት፣ “እኔ” ስለሚባለው ነገር ከንቱነት ነው። ውስጡ ባዶ መሆኑ በግልጽ የሚታይ አካል ይህንን ትምህርት ሲናገር መስማት ያስገርማል። እንዲህ ያለውን የመልክና የቃል መጣጣም ብዙ ተውኔቶቻችን ቢመኙት አያገኙትም።

የሚነቀፈው ደግሞ እዚያው ግድግዳ ላይ ነው። እውነተኛው ሰው አዳራሹ ውስጥ ተቀምጧል። ጥያቄ ይኖረው ይሆናል። እናቱ ሞታበት ይሆናል፤ ከወንድሙ ተጣልቶ ይሆናል፤ እንቅልፍ አጥቶ ይሆናል። የሚጠይቀው ግን እሱ አይደለም፤ አስቀድሞ የተቀረፀው ምስል ነው። መልሱም እንደ ጥያቄው አስቀድሞ የተዘጋጀ ነው። ማሽን ማሽንን ይጠይቃል፤ ማሽን ለማሽን ይመልሳል፤ ሰው ቁጭ ብሎ ያያል። በእኔ አስተያየት የዚህ ሥራ ስብራት እዚህ ላይ ነው። ሽቦውን ላለመደበቅ የተጠነቀቁት ሰዎች ጉባኤው ላይ ሲደርሱ ማስመሰልን መረጡ። ተመልካቹ በገዛ ጉባኤው እንግዳ ሆነ።

እርግጥ ነው፣ የቤተ መቅደሱ መነኮሳት ያለ ምክንያት አልተነሡም። ለሐሳቡ ቀዳሚ ተከራካሪ የሆኑት ቴንሾ ጎቶ የተባሉት መነኩሴ ያቀረቡትን ክርክር በቀላሉ መጣል አይቻልም። ቡድሂዝም በአንድ አምላክ ማመን ሳይሆን የቡድሃን መንገድ መከተል ነው፤ ስለዚህ መንገዱን የሚያመለክተው ማሽንም ሆነ ብረትም ሆነ ዛፍ ልዩነት የለውም ይላሉ። ሮቦቱ አይሞትም፣ ዕውቀት እያከማቸ እየተሻሻለ ይሄዳል የሚል ተስፋም አላቸው። ወጣቱ ከቤተ መቅደስ በራቀበት፣ መንደሮች ሰው እያጡ መቅደሶች በሚዘጉበት አገር፣ እኚህ ሰው ዝም ብለው የሞት ደወል ከመስማት አንድ ነገር ማድረግን መርጠዋል። በዚህ አልወቅሳቸውም። የሰነፍ ሐሳብም አይደለም።

ደግሞስ ማሽን ወደ አምልኮ ቤት ሲገባ የመጀመሪያው ጊዜ መች ሆነና! በቲቤት አገር ጸሎት የተጻፈበትን ጥቅል ውስጡ የያዘ መንኮራኩር በእጅ ይሽከረከራል። አንዱ ዙር አንድ ጊዜ ጸሎቱን እንደማድረስ ይቆጠራል። የወንዝ ውኃ የሚያዞረውም አለ፤ ነፋስ የሚያዞረውም አለ፤ በኋላም ኤሌክትሪክ መጣ። ሰው ተኝቶ መንኮራኩሩ ያድራል።

ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀው ግን በዋሽንግተን፣ በስሚዝሶኒያን ተቋም የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ያለው መነኩሴ ነው። ቁመቱ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የተሠራው ከእንጨትና ከብረት ሲሆን ዕድሜው ወደ 1560ዎቹ ይቆጠራል። ቁልፉን ሲያጠነክሩት ይራመዳል፤ ቀኝ እጁን አንሥቶ ደረቱን ይመታል፤ በግራ እጁ መቁጠሪያና መስቀል ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ ራሱን ያዞራል፤ ከንፈሩን ድምፅ ሳያሰማ ያንቀሳቅሳል፤ አልፎ አልፎም መስቀሉን ወደ አፉ አቅርቦ ይስማል። የሠራው የስፔን ነገሥታት ሰዓት ሠሪ የነበረው ሁዋኔሎ ቱሪያኖ ነው ይባላል። አብሮት የሚነገር አንድ ትውፊትም አለ። በ1562 የንጉሥ ዳግማዊ ፊሊጶስ ልጅ ዶን ካርሎስ ከደረጃ ወድቆ ራሱን ክፉኛ ተጎዳ። ሐኪሞች ተስፋ ቆረጡ። ያን ጊዜ ዲዬጎ ደ አልካላ የተባለ የቅዱስ መነኩሴ አፅም ከመቃብር ወጥቶ ከሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ተቀመጠ። ልጁ ዳነ። ንጉሡም ተአምር ከተደረገልኝ በተአምር እመልሳለሁ ብሎ ተስሎ ነበርና ይህን የማይሰለች ጸሎተኛ አሠራ ይላል ትውፊቱ።

ትውፊቱ በትክክል ሆነም አልሆነም፣ ለኛ ሰው ከማስረዳት የሚቀል ነገር የለም። ንጉሡ ስለት ነበረበት፤ ስለቱን አገባ። ጃንጥላ፣ ሻማ፣ ምንጣፍ እንደምናገባው ሁሉ እሱ ደግሞ ማሽን አገባ። እንግዲህ ይህ ትንሽ የእንጨት መነኩሴ ባለዕዳ አይደለም። ባለዕዳው ንጉሡ ነው። መነኩሴው የንጉሡን ምስጋና ተሸክሞ የሚሄድ ዕቃ ነው። የቲቤቱ መንኮራኩርም እንዲሁ ነው፤ ወንዙ ላይ ያቆመው ሰው አለ፤ ለማን ብሎ እንዳቆመው ያውቃል። እኔ መለያው እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ። ማሽኑ ይንቀሳቀስ፣ ይናገር፣ ያብራ፣ ግድ የለም። ጥያቄው “ከማሽኑ በስተጀርባ በዚህ ቃል የሚጠየቅ ማነው?” የሚለው ነው።

በዚህ መለያ ስንመዝን አንዳንዱ ማሽን ከነፍስ ይልቅ የሚመሰገንበት ጊዜም እንዳለ እናያለን። በደቡብ ሕንድ፣ በኬራላ ግዛት፣ ትሪሱር አውራጃ ውስጥ ባለው በኢሪንጃዳፒሊ ስሪ ክሪሽና ቤተ መቅደስ በየካቲት ወር 2023 አንድ ሰው ሠራሽ ዝሆን ተመርቆ ነበር። ቁመቱ ከ3 ሜትር በላይ፣ ክብደቱ 800 ኪሎ ነው። በኤሌክትሪክ ሞተር ጆሮውን፣ ኩምቢውን፣ ጅራቱን ያንቀሳቅሳል፤ በጀርባውም ሰው ይሸከማል። በዚያ አገር በዓል ያለ ዝሆን አይደምቅም። ዝሆኑ ግን በሰንሰለት ታስሮ፣ በርችትና በከበሮ ድምፅ ተደናግጦ፣ በጠራራ ፀሐይ አስፋልት ላይ የሚቆም ፍጡር ነው። አንዳንዴም ሸፍቶ ሰው ይገድላል። ቤተ መቅደሱ ከእንግዲህ ሕያው ዝሆን አልይዝም ብሎ የእንስሳት ተቆርቋሪዎች ድርጅት የለገሰውን ማሽን ተቀበለ። እዚህ ላይ የምነቅፈው ነገር አላገኘሁም። ዝሆኑ ስለት አልተሳለም፤ ቃልም አልሰጠም። ሌላው የተሳለውን ሲከፍል የኖረ ምስኪን ነው። ማሽኑ እሱን ነፃ አወጣ፤ የምእመናኑን ዕዳ ግን አልነካባቸውም።

የሚያሳስበው ሌላኛው ጫፍ ነው። በነሐሴ 2017 ቶኪዮ ውስጥ በተደረገ የቀብር አገልግሎት ትርዒት ላይ ፔፐር የተባለው ሮቦት የመነኩሴ ካባ ደርቦ፣ ከበሮ እየመታ፣ የሙታን ጸሎት ሲያዜም ለገበያ ቀርቦ ነበር። ዋጋው ለአንድ ቀብር 50 ሺህ የን ሲሆን፣ ለመነኩሴ ከሚከፈለው በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው ተብሎ ተነገረለት። ምክንያቱ ሲጠየቅ ድኅነት ነው፤ መነኩሴ መጥራት ለብዙው ቤተሰብ ከባድ ወጪ ሆኗል። ይህ ከንቱ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ፔፐር ያንን ሟች አያውቀውም፤ እሱ ራሱም አይሞትም። ለቅሶ ቤት የሚመጣ ሰው ዋናው ስጦታው ዜማው ይመስላችኋል? አይደለም። “ነግ በኔ” ማለቱ ነው። ነገ የማይደርስበት አካል ለቅሶ ሲደርስ ምን አደረሰ ይባላል?

ከዚህም የባሰ ሆኗል። በሚያዝያ 2024 በአሜሪካ አንድ የካቶሊክ ትምህርት ድርጅት “አባ ጀስቲን” የሚባል፣ በኮምፒዩተር የሚመልስ፣ የካህን ልብስ የለበሰ ምስል አወጣ። የተፈለገው የሃይማኖት ጥያቄ እንዲያብራራ ነበር። ተጠቃሚዎች ግን ኑዛዜ ነገሩት፤ እሱም ሰምቶ ፈታቸው። ጩኸት ተነሣ። በቀናት ውስጥ “አባ” የሚለው ማዕረግ ተነሥቶለት፣ የካህን ልብሱ ተገፍፎ፣ ተራ የሃይማኖት መምህር ሆኖ ተመለሰ። በዓለም ታሪክ እንዲህ በችኮላ ክህነቱ የተሻረ መኖሩን እንጃ! የሚያስቀው ነገር ግን የሚያሳዝነውን አይደብቀው። አንድ ሰው የልቡን ሸክም አውርዶ ተናገረ። “እግዜር ይፍታህ” የሚል ቃልም ተመለሰለት። ያንን ቃል የሰጠው ማነው? ነገ ተመልሶ “ያን ዕለት ፈትተኸኝ ነበር፤ ሸክሙ ግን አልወረደልኝም” ቢል ማንን ያገኛል?

ሰው ይህንን ልዩነት ሳይነገረው ያውቀዋል። ጆሹዋ ኮንራድ ጃክሰን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ምሁርና ባልደረቦቹ በ2023 ባወጡት ጥናት በዚያው በኮዳይጂ 398 ሰዎችን ጠይቀው ነበር። ገሚሱ የሚንዳርን፣ ገሚሱ የመነኩሴን ስብከት ሰምቶ የወጣ ነው። ሮቦቱን የሰሙት ሰባኪያቸውን የማመናቸው መጠን ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ ለቤተ መቅደሱ የሰጡት ገንዘብም አነሰ። በሲንጋፖር በአንድ የታኦ እምነት ቤተ መቅደስ ፔፐርን የሰሙ ሰዎች ዘንድም የታየው ተመሳሳይ ነገር ነው። የአጥኚዎቹ ማብራሪያ በአጭሩ፣ አድማጭ ቃሉን ከመቀበሉ በፊት ተናጋሪው ራሱ ማመኑን፣ ለእምነቱም ዋጋ መክፈሉን ማየት ይፈልጋል የሚል ነው። እኛ በአንድ ቃል “ዕዳ” የምንለውን እነሱ በጥናት ደረሱበት።

“ታዲያ ሰው የሆኑት ሰባኪዎችስ ዕዳቸውን ከፈሉ ወይ?” የሚል አንባቢ እንዳለ ይገባኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጹሙ እያለ የሚበላ፣ ስጡ እያለ የሚሰበስብ፣ ታረቁ እያለ የሚያጣላ ሰባኪ በየትም አገር፣ በየትኛውም እምነት ሞልቷል። ሚንዳር ቢያንስ አይሰርቅም፤ አያመነዝርም፤ ለሥልጣን አይጣላም። ይህንን እቀበላለሁ። ነገር ግን ልብ በሉ፤ የሚሰርቀውን ሰባኪ ሌባ ብለን የምንጠራው ቃሉ ዕዳ ስለሆነበት ነው። በገዛ ስብከቱ እንከሰዋለን፤ በገዛ ቃሉ እንፋረደዋለን። እሱም ሊያፍር፣ ሊጸጸት፣ ሊመለስ ይችላል። ሚንዳር ግን ግብዝ ለመሆን እንኳ አይችልም። የማያፍር፣ የማይከሰስ፣ የማይጸጸት ቃል ንጹሕ ቃል ነው ብለን ብንወስድ ተሳስተናል፤ ባለቤት የሌለው ቃል ነው። ንጽሕና ደግሞ መውደቅ ለሚችል ፍጡር የሚሰጥ ስም ነው።

ነገሩ የሩቅ አገር ተረት መስሎን እንዳንዘናጋ። በኛም አገር በየደብሩና በየመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ከተሰቀለ ቆይቷል። ስብከትና መዝሙር በካሴት ተሸጧል፤ ካሴቱ አልፎ ዛሬ በየሰው ኪስ ውስጥ ባለ ስልክ ይሰማል። ሱቅ ውስጥ ባለሱቁ ከደንበኛ ጋር በዋጋ እየተከራከረ መዝሙሩ ከበላዩ ይዘምራል። ይህንን ሁሉ አልነቅፍም። የተቀዳው ድምፅ ባለቤት አለውና፤ መምህር እገሌ ነው፣ ዘማሪት እገሊት ናት እንላለን፤ ሲያጠፉም ስም ጠርተን እንወቅሳለን። ማሽኑ ድምፁን አደረሰ እንጂ በባለድምፁ ቦታ አልቆመም።

በባለድምፁ ቦታ ማሽን ቢቆም የሚቀርብን ምን እንደሆነ ለማወቅ የንስሐ አባትን ማሰብ ይበቃል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተሰብ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የንስሐ አባት የተማረ ላይሆን ይችላል። ስብከቱ ከሚንዳር ስብከት ጋር ቢወዳደር በውበት ሊሸነፍ ይችላል። ግን ቤት ድረስ ይመጣል፤ ጠበል ይረጫል፤ የልጆቹን ስም ያውቃል፤ ቀኖና ሲሰጥ ፊቱን እያየ ይሰጣል። ከሁሉ በላይ የንስሐ ልጆቹ ነፍስ በአደራ የተሰጠችው ሰው መሆኑን፣ አንድ ቀን ስለ እነሱ እንደሚጠየቅ ያምናል። የሚናገረውን ቃል ከባድ የሚያደርገው ይህ መጠየቅ ነው። ከዚህ ላይ መጠየቁን ብትቀንሱ የሚተርፈው ምክር ነው። ምክር ደግሞ መጽሐፍም ይሰጣል፤ ሬዲዮም ይሰጣል፤ ሮቦትም ይሰጣል።

እንግዲህ ስለ ሚንዳር ፍርዴን ልስጥ። እንደ ሐውልት አከብረዋለሁ። የሚንቀሳቀስ የርኅራኄ ምስል፣ ሽቦውን ሳይደብቅ ስለ ባዶነት የሚናገር ብረት፣ በጥበብ ታሪክ ውስጥ ቦታ ያለው ሥራ ነው። ሰው ፊቱ ቆሞ ቢያስብ፣ ቢጸልይም አይገርመኝም፤ ሰው በድንጋይ ፊትም በሥዕል ፊትም ሲያስብ ኖሯል። ሰባኪ ነው ሲሉኝ ግን አልቀበልም። ሠሪዎቹ ምክር ቢጠይቁኝ የምላቸው ቀላል ነው። ግድግዳው ላይ ያሉትን የውሸት ጠያቂዎች አጥፏቸው። ሚንዳር የሚለውን ብሎ ሲጨርስ መብራቱን አብሩ። ከዚያ ከጎኑ አንድ መነኩሴ ይቁም፤ ሽማግሌ ቢሆን ይሻላል፤ ጉልበቱ የሚያመው፣ ሲናገር የሚያስለው፣ አንዳንዱን ጥያቄ “አላውቅም” የሚል። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰውም እጁን አንሥቶ ይጠይቀው።